አስመስክሮ ወንበር መትከል

(በሥራ ላይ ሆኖ በትምህርት አመራር ዶክትሬት ስለ መማር፤ በደብረ ወርቅ ለመምህራንና ለክረምት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በፊታችሁ የቆምነው ሊቃውንት ነን ብለን አይደለም። ቀን ቀን ትምህርት ቤት የምንመራ፤ ክፍል ገብተን የምናስተምር፤ ወይም በሱፐርቫይዘርነት ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የምንመላለስ፤ ከዚያ የተረፈችውን ሰዓት ደግሞ በትምህርት አመራር ለዶክትሬት ማዕርግ የምናውል ጥቂት የምሥራቅ ጎጃም ልጆች ነን። ስለዚህ የምንነግራችሁ መንገዱን ጨርሰን ሳይሆን ገና በመንገድ ላይ ሳለን ያየነውን ነው።

ለዚህ ንግግር ያነሣሣን አንድ ጥያቄ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለዶክትሬት ትምህርት መመዝገቡ በሰፈሩ በተሰማ ጊዜ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቆሙትና፤ «ልጄ፤ ዶክተር ልትሆን ነው አሉ፤ እሰይ፤ ደግ ነው። እንግዲህ ሕመማችንን ታክምልናለህ ወይስ እንደ ሌሎቹ ትሄዳለህ?» አሉት። ጓደኛችን ሣቅ ብሎ የሕክምና ዶክተር እንደማይሆን ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ግን፤ «እሱንማ ዐውቃለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ሕመም ማለቴ ነው» ብለውት መንገዳቸውን ቀጠሉ። ይህን ባጫወተን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ለካስ ገንዘባችንን፤ እንቅልፋችንንና ከልጆቻችን ጋር የምናሳልፈውን ጊዜ ስንከፍልበት የቆየነው ነገር ለምን እንደ ሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ አንችልም ነበር።

ጥያቄው ለደብረ ወርቅ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት የደብረ ወርቅ፤ የዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች ከሩቅ አገር ተማሪ ይስቡ ነበር። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፤ ቁራሽ ለምኖ፤ በጎጆ እያደረ በጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ዕጣነ ሞገር ይደርሳል። በዚያ ቤት ውስጥ አስነጋሪ የሚባል ተማሪ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አስነጋሪ ከመምህሩ እግር ሥር ገና አልተነሣም፤ ነገር ግን ለታናናሾቹ ያስረዳል። እየተማረ ያስተምራል፤ እያስተማረ ይማራል። እንግዲህ ዛሬ «በሥራ ላይ ሆኖ መማር» እያልን እንደ አዲስ ነገር የምናወራው ጉዳይ አባቶቻችን ስም አውጥተውለት ይኖሩበት የነበረ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የቅኔ ተማሪ ትምህርቱን ሲፈጽም መምህሩ ይመሰክርለታል። ሰው ሁሉ ግን «አስመስክሯል» ብቻ ብሎ አያቆምም፤ «ወንበርስ የት ተከለ?» ብሎ ይጠይቃል። ምስክርነቱ የሚከበረው ወንበር ሲተከልበት፤ በወንበሩም ዙሪያ ተማሪ ሲሰበሰብ ነው። ሽማግሌው ጓደኛችንን የጠየቁት ይህንኑ ነበር።

ለዚህ አገር ልጅ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም የተወለዱት ሐዲስ አለማየሁ ከደብረ ኤልያስ፤ ከደብረ ወርቅና ከዲማ ትምህርት ቀስመው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ወደ ጎጃምም ተመልሰው አስተምረዋል፤ ኋላም በዲፕሎማትነትና በትምህርት ሚኒስትርነት አገልግለዋል። «ክቡር ዶክተር» የምንላቸው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸው የክብር ዶክትሬት ነው። በእሳቸው ዘንድ ሥራው ቀደመ፤ ማዕርጉ ተከተለ። እኛ ደግሞ ማዕርጉን በትምህርት የምንፈልግ ሰዎች ስለ ሆንን ሥራው ከማዕርጉ በኋላ እንዳይቀር መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንምጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲከፈት፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1961 ሲቋቋም፤ በትምህርት ዶክትሬት የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። ለምሳሌ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ዶክትሬታቸውን እ.ኤ.አ. በ1958 ከአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አግኝተው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በየአውራጃው ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለገጠር ትምህርት ቤት ዕዳ አለበት የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ ደንብ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ተከፈተ፤ የዶክትሬት ትምህርትም በ1987 ተጀመረ። በባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የመምህራን ትምህርት አካዳሚ ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ደብረ ማርቆስም የራሱን ዩኒቨርሲቲ አገኘ። የፕሪቶሪያው ዩኒሳ በርቀት ትምህርት ለብዙ ኢትዮጵያውያን በር ከፈተ። ስለዚህ አባቶቻችን በመርከብና በአውሮፕላን የሄዱበትን ማዕርግ እኛ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር፤ በቢቸናና በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ልንፈልገው ቻልን። በሩ መቅረቡ መልካም ነው። ሆኖም በሩ ሲቀርብ ለምን እንደምንገባ ሳንጠይቅ የምንገባ ሰዎች እንዳንሆን ያሠጋል።

ዶክትሬት ሲባል ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው ፒኤችዲ ነው፤ ዋና ዓላማውም በዕውቀት መስክ አዲስ ነገር መጨመር ነው። ሁለተኛው ኢዲዲ የሚባለው የትምህርት ዶክትሬት ነው፤ ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1920 ለጀመረው ለትምህርት ኮሌጁ ያወጣው ማዕርግ ነበር። ሁለተኛው ለሥራ መሪዎች ይሁን ተብሎ ቢታሰብም ለብዙ ዘመን ከመጀመሪያው ሳይለይ ኖረ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በካርኔጊ ፕሮጀክት ተሰባስበው፤ የሥራ መሪ የሚጽፈው ጥናት ከራሱ ሥራ በወጣ እውነተኛ ችግር ላይ ይሁን የሚል ሐሳብ አነሡ። እኛ የምንማረው በመጀመሪያው ስም ነው፤ ነገር ግን የሁለተኛውን አሳብ ከመያዝ የሚከለክለን የለም። ጥያቄያችንን ከትምህርት ቤታችን ደጅ ማንሣት እንችላለን።

የትምህርት ቤቱ ሕመም ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቁጥጥሩ ጠብቆ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ ይበልጡ ነበር። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሣው ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘጋ፤ መምህራንን በተነ፤ ልጆችን ከቤት አስቀረ።

ለዚህ ሁሉ መንሥኤው የርዕሰ መምህሩ ድክመት ነው ብለን አንዋሽም። ጦርነት በትምህርት አመራር ጥናት አይቆምም። የመጽሐፍ እጥረት በዶክትሬት አይሞላም። ነገር ግን ሌይትዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ብዙ ጥናቶችን መርምረው እንዳሳዩት፤ በትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ነገሮች ለተማሪው መማር ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ ከፍ ያለ ድርሻ ያለው አመራር ነው። መልካም ርዕሰ መምህር ለሠላሳ መምህራን ሥራ መንገድ ይጠርጋል፤ መጥፎው ደግሞ የሠላሳውን ጉልበት ያባክናል። ይህን ሁላችንም ጥናት ሳናነብ በዓይናችን አይተነዋል።

እንግዲህ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከመካከላችን አንዱ ርዕሰ መምህር ነው። ለጥናቱ የመረጠው ርዕስ «የአመራር ዘይቤና የመምህራን እርካታ» የሚል ነበር። ርዕሱን የመረጠው ትምህርት ቤቱ ስለ ጠየቀው ሳይሆን ከዚህ በፊት ብዙ ሰዎች ስለ ሠሩበትና መጠይቁም ተዘጋጅቶ ስለ ተገኘ ነው። በራሱ ትምህርት ቤት ላሉት መምህራን ወረቀቱን አደለ፤ በሳምንቱም ሰበሰበ። «ርዕሰ መምህሩ የመምህራንን ሐሳብ ይቀበላል» ለሚለው የተሰጠው መልስ ከላይ እስከ ታች «በጣም እስማማለሁ» ነበር። ጓደኛችን ደስ አለው። ከቀናት በኋላ ግን አንድ ነባር መምህር ሻይ ሲጠጡ እንዲህ አሉት፤ «ወረቀቱን የሚያድለን እርስዎ፤ የሚሰበስበን እርስዎ፤ የዓመቱን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሰጡን እርስዎ። ታዲያ ምን ብለን እንሙላው?»

አራት ወር የደከመበት ሥራ በዚች ቃል ፈረሰ። ወረቀቶቹን እንዳሉ ይዞ ቢቀጥል ኖሮ ጥናቱ ያልፍለት ይሆናል፤ ቁጥሩ ንጹሕ ነው፤ ሠንጠረዡም ያምራል። እርሱ ግን ውሸት መሆኑን ዐውቆታልና ተወው።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ስሙ። ማንም ሰው እሱን ፈርቶ ወዳልጻፈው መዝገብ ሄደ። የሦስት ዓመት የተማሪዎች ስም መጥሪያ ደብተር አውርዶ ቀን በቀን ቆጠረ። ልጆቹ የሚቀሩት በዘፈቀደ እንዳልሆነ አየ። በገበያ ቀንና በአጨዳ ወራት ይቀራሉ። የትምህርት ሰሌዳውን ቢያይ ደግሞ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የበዛው በዚያው በገበያ ቀን ነበር። ሰሌዳውን የሠራው ራሱ ነው! ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ የጥናት ጓደኛው ደግሞ መምህራኑን በፈቃዳቸው፤ እሱ በሌለበት፤ ስማቸውን ሳይጽፍ አነጋገረለት። እሱም በፈንታው ወደዚያኛው ትምህርት ቤት ሄዶ እንዲሁ አደረገ። ጥናቱ ገና አላለቀም፤ ሰሌዳው ግን ተለውጧል። ሽማግሌው የጠየቁት ሕክምና ይህን ይመስላል ብለን እናምናለን።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

አንደኛ፤ ጥያቄው ከትምህርት ቤቱ ይምጣ። ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት ከመምህራን፤ ከወላጆችና ከተማሪዎች ጋር ተቀምጣችሁ «ምን ቸገራችሁ?» በሉ። ንድፈ ሐሳቡ ያስፈልጋል፤ አማካሪውም ይጠይቃችኋል። ነገር ግን ንድፈ ሐሳብ መብራት ነው፤ መብራት የሚያዘው የጠፋ ነገር ሲፈለግ ነው።

ሁለተኛ፤ አለቃ ሆኖ ማጥናት ከሌላ ሰው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የምታጠኗቸው ሰዎች እንጀራ በእጃችሁ ነው። እምቢ የማለት መብታቸው በአፍ ብቻ ሳይሆን በአሠራርም ይጠበቅ።

ሦስተኛ፤ ጊዜ አይገኝም፤ ይመደባል እንጂ። ትምህርት ቤት ስብሰባ አያጣም፤ ሪፖርትም አያልቅም። ከመካከላችን ያልወደቁት ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተው እስከ 12 ሰዓት የሚጽፉ ናቸው። ሙሉ ቅዳሜን እየጠበቁ የኖሩት ቅዳሜ ለቅሶና ሠርግ ወስዶባቸው አንድ ምዕራፍ ሳይጽፉ ዓመት አልፏል። ለቅሶ አትቅሩ፤ ከለቅሶ የቀረ መሪ የሚመራው ሰው የለውም። ነገር ግን ሌሊቲቱን ለማንም አትስጡ።

አራተኛ፤ ብቻችሁን አትማሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ከአማካሪያችን ጋር መጻጻፍ ቀረ፤ መጽሔት ከመረብ ማውረድ ቀረ፤ መንገዱም በየጊዜው ይዘጋ ነበር። በዚያን ጊዜ ያቆዩን አንዱ ያወረደውን ጽሑፍ ለሌላው በፍላሽ ማቀበላችንና በየአሥራ አምስት ቀኑ ተሰብስበን አንዳችን የሌላውን ምዕራፍ ማንበባችን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ነው።

አምስተኛ፤ የቤተሰብ ዕዳ ይታሰብ። ባል ሲማር ሚስት የምትሸከመውን፤ ሚስት ስትማር ደግሞ ሁለት እጥፍ የምትሸከመውን ማንም አይቆጥረውም። ከእኛ መካከል ያለች አንዲት እኅታችን ልጆቿን አስተኝታ፤ ለነገ የሚጋገረውን ሊጥ አቡክታ ነው መጽሐፍ የምትገልጠው። እኛ ወንዶቹ «ጊዜ አጣን» ስንል እሷን ባየን ቁጥር እናፍራለን። ሴት መምህራን ወደዚህ ማዕርግ ይግቡ ብለን በአፍ ከመጥራታችን በፊት በየቤታችን እንጀራ መጋገሩን እንካፈል።

ስድስተኛ፤ ማዕርግ አትግዙ። በገንዘብ ጥናት የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ዕውቅና የሌላቸው ተቋማትም አሉ። በውጭ አገር ተቋም የምትመዘገቡ ብትሆኑ ማስረጃው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተቀባይነት የሚያገኝ መሆኑን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ልጆችን «አትኮርጁ» የሚል ርዕሰ መምህር ሌላ ሰው በጻፈው ጥናት ዶክተር ቢባል ያን ትምህርት ቤት ምን ያድነዋል?

አሁን ደግሞ በእኛ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እንስማ። «ዶክትሬት የያዘ ሰው ለምን ገጠር ይቀመጣል? በትምህርት ቤት ለዶክተር የተዘጋጀ ቦታ የለ፤ ደመወዙም ያው፤ ዩኒቨርሲቲው ቢቀጥረው ምን ክፋት አለው?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የሄደውን ሁሉ ከሃዲ ማለት ግፍ ነው፤ ልጆቹን የሚያበላው ማዕርጉ ሳይሆን ደመወዙ ነው። ከመካከላችንም ነገ የሚሄድ ይኖራል። የምንለው ይህን ነው፦ ወንበር የሚተከለው በአንድ ቦታ በመቀመጥ ብቻ አይደለም። የሄደው ሰው ጥናቱን፤ መዝገቡንና የተማረውን ትቶ፤ የሚተካውንም ሰው አሠልጥኖ ከሄደ ወንበሩ ተተክሏል። የቀረው ሰው ደግሞ ማዕርጉን በበሩ ላይ ለጥፎ ሰሌዳውን እንኳ ካላስተካከለ፤ ቢቀመጥም ወንበር የለውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ዩኒቨርሲቲዎች በሥራ ላይ ላሉ ተማሪዎች የቤተ መጻሕፍትን በር በቅዳሜና በእሑድ፤ በክረምትም ይክፈቱልን፤ በወረዳችን ትምህርት ቤቶች ችግር ላይ ስንጽፍም «ርዕሱ ትንሽ ነው» አይበሉን። የየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለሚማር ርዕሰ መምህር ለጥናት የሚሆን ጥቂት ቀናት ይስጥ፤ በምትኩም የጥናቱን ውጤት የመጠየቅ መብት ይኑረው። እናንተ የተማሪዎች ማኅበር አባሎች ደግሞ ይህን ጥያቄ በየስብሰባችሁ አንሡልን።

እኛም በበኩላችን አንድ ቃል እንገባለን። ጥናታችን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የታተመውም በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ይቀመጣል። ስለ ልጃቸው የተጻፈውን የገበሬው ቤተሰብ አያነቡትም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ጥናታችንን ስንፈጽም፤ ከምርቃቱ በፊት፤ ያገኘነውን ሁሉ በጥቂት ገጽ አማርኛ ጽፈን በየትምህርት ቤታችን በወላጆች ስብሰባ ፊት ቆመን እናነባለን። የተሳሳትነው ካለ በዚያ ይታረማል። ቅኔ በጉባኤ መካከል ካልተሰማ ቅኔ አይባልምና፤ የእኛም ጥናት የሚነገርለት ሕዝብ ካልሰማው አስመሰከርን አንልም።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ከፊት ተቀምጠው ይሰሙናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ከጨረስንም በኋላ ሕመሙን አገኛችሁት ወይስ አላገኛችሁትም የሚለውን የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው።